ለሚያቃጥል ፀሐይ ዥጉርጉር ቅጠል፦ የመልአክ መለከት አመራረጥ

መጋቢት ሲጋመስ በቴክሳስ ሂውስተን ችግኝ መሸጫዎች በር ላይ ሰው የሚያስቆም አንድ ተክል አለ። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ መሃሉ ግራጫ ያዘለ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ወደ ክሬም የሚያደላ ነጭ። ከቅርንጫፉ ሥር እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም አበባ ቁልቁል ተንጠልጥሏል፤ ሲመሽ ሽታው ግቢውን ይሞላል። የዕፅዋት ባለሙያዎች ብሩግማንሲያ ይሉታል፤ ሌላው ሰው የመልአክ መለከት በሚለው ስሙ ያውቀዋል። ቅጠሉ ዥጉርጉር የሆነው ደግሞ ከተራው አረንጓዴ ወደድ ይላል።

ሐምሌ ሲገባ ያው ተክል ሌላ መልክ ይይዛል። ነጩ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፤ እምቡጡ ሳይከፈት ይረግፋል። ባለቤቱ ውኃ አንሶት ነው ብሎ ጠዋትም ማታም ያጠጣዋል፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ብዙ ጊዜ ስህተቱ የተሠራው ግን በውኃ ማጠጣቱ ሳይሆን በግዢው ዕለት ነው። በሙቅ አገር ይህን ተክል የሚገዛ ሰው ከአበባው ቀለም በፊት ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፦ በሚኖርበት አካባቢ በሐምሌና በነሐሴ ሌሊቱ ምን ያህል ይቀዘቅዛል? ከቅጠሉስ ምን ያህሉ አረንጓዴ ነው?

ከመግዛትዎ በፊት ሌሊቱን ይለኩ

ስለ ሙቀት ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ቀኑን ብቻ ነው። ለመልአክ መለከት ግን ሌሊቱ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ተክሉ ቀን በፀሐይ ብርሃን የሠራውን ስኳር ሌሊት ሲተነፍስ ይጠቀምበታል። ሌሊቱ በሞቀ መጠን የሚባክነው ይበዛል፣ ለአበባ የሚተርፈው ያንሳል። ዥጉርጉሩ ደግሞ ከመነሻውም የሚሠራው ስኳር ያነሰ ነው፤ ነጩ የቅጠሉ ክፍል ክሎሮፊል ስለሌለው ራሱን አይመግብም፣ በአረንጓዴው ተጧሪ ነው።

ሂውስተን፣ ፊኒክስና ሳንዲዬጎ በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የተክል ዞን ካርታ ላይ ከ9 እስከ 11 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። በችግኙ መለያ ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ የሚያምን ገዢ ሦስቱን ከተሞች አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ካርታው ግን የሚለካው የክረምቱን ብርድ እንጂ የሐምሌን ሙቀት አይደለም። በሳንዲዬጎ የባሕር ዳርቻ ሰፈሮች ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ተክሉ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ያብባል። በሂውስተን ሌሊቱ ከ24 ወይም ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሳይወርድ ሳምንታት ያልፋሉ፤ አየሩ ግን እርጥብ ስለሆነ ቅጠሉ ቶሎ አይደርቅም። ፊኒክስ ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከተማዋ 31 ቀናት በተከታታይ 43 ዲግሪና ከዚያ በላይ አስመዝግባለች፤ በዚያው ወቅት ከ32 ዲግሪ በታች ያልወረዱ ሌሊቶች በርካታ ነበሩ። አየሩ ደረቅ፣ መሬቱ ኖራ የበዛበት፣ የቧንቧው ውኃም ማዕድን የበዛበት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ስልክ አውጥቶ የአካባቢውን የሐምሌ ዝቅተኛ የሌሊት ሙቀት መፈለግ ነው። ከ20 ዲግሪ በታች የሚወርድ ከሆነ ምርጫዎ ሰፊ ነው። ከ21 እስከ 26 ከሆነ ተክሉ ይኖራል፤ አበባው ግን በሙቀቱ ወራት ይቀንስና ዋናው ፍካት በጥቅምትና በኅዳር ይመጣል። ከ28 በላይ የሆኑ ሌሊቶች የሚደጋገሙ ከሆነ ደግሞ ዥጉርጉሩን መሬት ውስጥ ከመቅበር ይልቅ በሚንቀሳቀስ መትከያ ውስጥ ማሳደግ ይሻላል። እነዚህ ቁጥሮች ለውሳኔ የሚረዱ ግምታዊ መለኪያዎች ናቸው፤ አንድ ዲግሪ ከፍ ዝቅ ስላለ ተክል አይሞትም፣ አይድንም።

በዚህ መለኪያ ሲታይ በአንድ አገር ውስጥም ልዩነቱ ትልቅ ነው። በእስራኤል ቴል አቪቭ የሚኖር ሰው ሞቃትና እርጥብ ሌሊት አለበት፤ ቤርሼባ ያለው ቀኑ ቢያነድበትም የበረሃው ሌሊት ያበርድለታል፣ ጥላና ውኃ ካሰናዳ የተሻለ ዕድል አለው። ዱባይና ዶሃ ከፊኒክስ ጋር ይመደባሉ፤ ሙቀቱ ላይ እርጥበት ሲጨመርበት ይብሳል። በኢትዮጵያም አዳማና ሐዋሳ ቀኑ ቢሞቅ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ድሬዳዋ ግን ወደ ሂውስተኑ ጠባይ ትጠጋለች። በአዲስ አበባ አጥር ጥግ ሳይለፋበት ሲያብብ ያየ ሰው ያንኑ በዳላስ እጠብቃለሁ ቢል ይሳሳታል፤ ልዩነቱን ያመጣው ከ2,300 ሜትር በላይ ያለው የአዲስ አበባ ከፍታ ነው።

ከመለያው ወረቀት ላይ ወላጆቹን ይፈልጉ

የብሩግማንሲያ ዝርያዎች ሰባት ናቸው፤ ሁሉም የደቡብ አሜሪካ ተወላጆች። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሰባቱንም በዱር የጠፉ ብሎ መዝግቧቸዋል፤ ዛሬ ያሉት በሰው እጅ እየተባዙ የቆዩት ናቸው። አብቃዮች በሁለት ወገን ይከፍሏቸዋል። አርቦሪያ፣ ሳንጉዊኒያና ቩልካኒኮላ የሚባሉት ከአንዲስ ተራሮች ከፍታ የመጡ ቀዝቃዛ ወገኖች ናቸው። ሱአቬኦሌንስ ከደቡብ ምሥራቅ ብራዚል የባሕር ዳርቻ ደን፣ ቨርሲኮሎር ከኢኳዶር የጉዋያኪል ቆላ፣ ኢንሲግኒስ ደግሞ ከአንዲስ ምሥራቃዊ ግርጌ የመጡ ናቸው፤ እነዚህ ሞቃት ወገን ይባላሉ። አውሪያ ከፍ ካለ ቦታ ቢመጣም ከሞቃቶቹ ጋር ስለሚዳቀል ከነሱ ይቆጠራል።

ለገዢው ይህ የዘር ሐረግ ገንዘብ ነው። ሳንጉዊኒያ ቀይና ቢጫ የተቀላቀለበት፣ ቀጠን ያለ አበባ አለው፤ በፎቶ ያማልላል። በሞቃት ሌሊት ግን አያብብም፤ ውሎ አድሮም ይከስማል። ደጋ ላይ ላለ ሰው ግሩም ተክል ነው፣ ለሂውስተን ግን ገንዘብ ማቃጠል ነው። በመለያው ላይ ሱአቬኦሌንስ ወይም ቨርሲኮሎር የሚል ስም፣ ወይም የእነሱ ድቅል መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ካለ ተስፋ አለው። ቨርሲኮሎር አበባው ከሁሉ የሚረዝመው ነው፣ እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ቆላ የለመደ ስለሆነም ደሙ ያለበት ድቅል ሙቀትን ይችላል። ወረቀቱ ላይ «የመልአክ መለከት፣ ዥጉርጉር» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ሻጩን ይጠይቁ። የማያውቅ ሻጭ ኃጢአተኛ አይደለም፤ ቢሆንም ወደ ሌላው መደብር መሻገር ይቻላል።

በዥጉርጉሮቹ ዘንድ የራሳቸው ስም ያላቸው ጥቂት ዓይነቶች በገበያ ላይ ይገኛሉ። ስኖውባንክ የሚባለው ሰፊ ክሬማ ነጭ ጠርዝና ወደ ኮክ ቀለም የሚያደላ አበባ አለው። ማይነርስ ክሌም ጠርዙ ነጣ ያለ፣ አበባው ሮዝ ነው። ማያም እንዲሁ ዥጉርጉር ቅጠል ላይ የኮክ ቀለም አበባ ይሰጣል። ከሦስቱ ዓይን የሚስበው ስኖውባንክ ነው፤ ለጠንካራ ፀሐይ በጣም ስስ የሚሆነውም ያው ነው፣ ነጩ ስለሚበዛ። ሂውስተን ውስጥ ጥሩ ጥላ ላለው ግቢ ይሆናል። ለፊኒክስ አይመከርም፤ ያለ ጥላ መረብ አንድ ነሐሴ አያልፍም።

የመልአክ መለከት ተክሎ የማያውቅ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ሙሉ አረንጓዴውን ቢሞክር ብልህነት ነው። ቻርልስ ግሪማልዲ የሚባለው ብርቱካናማ ቢጫ አበባ ያለው ብርቱ ተክል ነው፤ ፍሮስቲ ፒንክም በፍሎሪዳና በአሜሪካ የባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የታወቀ ነው። በግቢዎ ውስጥ አረንጓዴው ራሱ የሚንገላታ ከሆነ ዥጉርጉሩ ይበልጥ መንገላታቱ አይቀርም፤ በርካሽ የተገኘ ፈተና ነው።

ቅጠሉን ያንብቡ

አሁን ተክሉ ፊት ደርሰዋል። ከላይ ወደ ታች ቢያንስ አሥር ቅጠል ይመልከቱ። ጤነኛ ዥጉርጉርነት ሥርዓት አለው፤ ነጩ ወይም ክሬሙ በአብዛኛው በጠርዙ፣ አረንጓዴው በመሃሉ ይሆናል፤ ድንበሩ ጥርት ያለ፣ ቅጠሉም ዝርግ ነው። በሙቅ አገር የሚፈለገው ከቅጠሉ ስፋት ከግማሽ በላዩ አረንጓዴ የሆነበት ተክል ነው። ሁለት ተክሎች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ነጭ ቢበዛበትና ቢያምር፣ ሌላው አረንጓዴ ቢበዛበትና ደብዘዝ ቢል፣ ሁለተኛውን ይውሰዱ።

የቀለሙ ምንጭ ምንድን ነው? የተክሉ ጫፍ የሚያድገው በተደራረቡ የሕዋስ ንብርብሮች ነው። በአንደኛው ንብርብር ያሉት ሕዋሳት ክሎሮፊል የመሥራት ችሎታቸውን ሲያጡ ያ ንብርብር የሚሠራው የቅጠል ክፍል ይነጣል። በአንድ ግንድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሕዋስ አብሮ ይኖራል ማለት ነው። ከዚህ የሚከተል አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፤ ዘሩ የሚመነጨው የቅጠሉን ጠርዝ ከሚሠራው ንብርብር ስለሆነ፣ ከነጭ ጠርዙ ዓይነት የተለቀመ ዘር አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ነጭ ቡቃያ አውጥቶ በቀናት ውስጥ ይሞታል። «የዥጉርጉር መልአክ መለከት ዘር» ብሎ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ሲያጋጥም መልሱ ቀላል ነው፦ አይግዙ። ይህ ተክል የሚባዛው በቅርንጫፍ ቁራጭ ነው።

ዥጉርጉር መስሎ የሚሸጥ በሽተኛም አለ። የመልአክ መለከት የድንችና የቲማቲም ቤተሰብ ነው፤ የዚህ ቤተሰብ ቫይረሶች ይወዱታል። የኮሎምቢያ ዳቱራ ቫይረስ የሚባለው በክሽክሽ አማካይነት ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል፤ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ደግሞ በእጅና በመቁረጫ ይዛመታል። ምልክቱ ሥርዓት የሌለው ቢጫና አረንጓዴ ንክትክት፣ የተጨማደደ ወይም የተጣመመ ቅጠል፣ አንዳንዴም በአበባው ላይ የተሰባበረ የቀለም መስመር ነው። ጥርት ያለ ድንበር የለውም። መድኃኒትም የለውም፤ ከጎኑ ላሉት ቲማቲምና ቃሪያዎችም ስጋት ይሆናል። በርካሽ የቀረበ «ልዩ ዥጉርጉር» ሲያዩ ቅጠሉን በመዳፍዎ ላይ ዘርግተው ይመልከቱ፤ ተጨማድዶ አልዘረጋ ካለ ይተዉት።

ሦስተኛው አሳሳች ነገር የብረት እጥረት ነው። ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ በጅማቶቹ መካከል ያለው ሁሉ ቢጫ ከሆነ፣ ያውም በአዲሶቹ ቅጠሎች ላይ፣ ተክሉ ከኖራማ ውኃ ወይም አፈር የተነሳ ብረት መውሰድ አቅቶታል። ይህ ይታከማል፤ ለዥጉርጉርነቱ ተጨማሪ ዋጋ ግን አይከፈልም።

ከቅጠሉ በኋላ ግንዱን ይመልከቱ። ጥሩ ዥጉርጉር ተክል በለጋ ግንዱ ላይም ነጣ ያሉ መስመሮች ይታዩበታል። ከግንዱ ሥር ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነ ቀንበጥ እያፈተለከ ከሆነ ተክሉ ወደ አረንጓዴነቱ መመለስ ጀምሯል። እንደ ነብር ዥጉርጉርነቱን የማይለውጥ መስሏቸው የሚገዙ አሉ፤ ይህኛው ይለውጣል። ቀንበጡ አንድ ከሆነ ቆርጦ መግዛት ይቻላል፤ ግማሹ ተክል አረንጓዴ ከሆነ ሻጩ ዋጋውን ይቀንስ ወይም ይቅር።

የቅጠሉን ጀርባ ሳይገለብጡ አይክፈሉ። ደቃቅ ነጠብጣብና ቀጭን ድር ካለ በዓይን በጭንቅ የሚታዩት ሸረሪት መሰል ተባዮች ገብተዋል፤ በደረቅ ሙቀት በፍጥነት ይራባሉ። ተክሉን ነካ ሲያደርጉት ነጭ ዝንብ ብር ካለም ሌላ ይምረጡ። የመትከያውን ታች አይተው ሥሩ በቀዳዳው ወጥቶ ተጠማዞ ከሆነ ተክሉ ጠቦት ቆይቷል ማለት ነው፤ ነጭ ሥር በጥቂቱ ብቅ ማለቱ ግን መልካም ምልክት ነው።

የሚገዛበት ወቅትና መጠን

በፖስታ የሚላኩት አብዛኞቹ ሥር ያወጡ ትንንሽ ቁራጮች ናቸው። ለቀዝቃዛ አገር ችግር የለውም፤ በሙቅ አገር ግን በግንቦት መጨረሻ የደረሰች ሁለት መዳፍ የማትሞላ ችግኝ ሐምሌን ልትወጣው ያስቸግራታል። ሥር ሰዳ ከሙቀቱ እንድትቀድም በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት ይግዟት። ከዚያ ካለፈ ቢያንስ የ10 ሊትር መትከያ የሞላ፣ ግንዱ የእርሳስ ውፍረት ያለፈ ተክል ይፈልጉ፤ ወይም እስከ ጥቅምት ይታገሡ። በበረሃ ከተሞች ጥቅምት በጣም ጥሩ ወር ነው፤ አፈሩ ገና ሞቃት፣ አየሩ ግን የበረደ ይሆናል።

በፖስታ ሲገዙ ለሻጩ አንድ ጥያቄ ይላኩ፦ «የእናት ተክሉን የነሐሴ ፎቶ ማየት ይቻላል?» የማስታወቂያ ፎቶ የሚነሳው ተክሉ ባማረበት ሰዓት ነው። የነሐሴ ፎቶ ያለው ሻጭ ሙቀት ያየ ተክል አለው።

ከአዲስ አበባ ከዘመድ ግቢ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሻንጣ ይዞ መምጣት የሚያምራቸውም አይጠፉም። አሜሪካ የሚተከል ዕፅ ከላኪው አገር የጤና ምስክር ወረቀት ሳይኖረው አታስገባም፤ ጉምሩክ ላይ ተወስዶ ይወገዳል፣ ሳያሳውቁ ከገቡ ቅጣትም አለው። አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች በመካከላቸው የሚላክ ችግኝን የሚገድብ የራሳቸው ሕግ ስላላቸው፣ ከሌላ ግዛት ሲያዙ ሻጩ ወደ እርስዎ ግዛት መላክ መቻሉን አስቀድመው ይጠይቁ።

መርዙን አስቀድመው ያስቡበት

ቤት ውስጥ ሁሉን የሚቀምስ ሕፃን ወይም ቅጠል የሚያኝክ ውሻ ካለ ይህን ተክል ለጥቂት ዓመታት ማዘግየት ተገቢ ነው። የመልአክ መለከት ከአስተናግር ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም አትሮፒን፣ ስኮፖላሚንና ሃዮስያሚን የሚባሉትን መርዞች ይዘዋል። የሚለዩት አስተናግር ቁመቱ አጭር፣ አበባው ወደ ላይ፣ ፍሬው እሾሃም ሲሆን፣ የመልአክ መለከት ግን ግንዱ እንጨትነት ያለው፣ አበባው ወደ ታች፣ ፍሬውም ለስላሳ በመሆኑ ነው። ከሥሩ እስከ ዘሩ መርዝ ያልሆነ ክፍል የለውም። አፍ ይደርቃል፣ ልብ ይመታል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ሰው ይቃዣል፤ ሊገድልም ይችላል። አበባውን አፍልተው የሚጠጡ ወጣቶች በየጊዜው ሆስፒታል ይገባሉ።

ለአትክልተኛው የተለመደው አደጋ ቀለል ያለ ግን አስደንጋጭ ነው፤ ቅርንጫፍ ቆርጦ በእጁ ዓይኑን ያሸ ሰው የአንድ ዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ብርሃን ይወጋዋል። ጓንት ያድርጉ፣ መቁረጫውን ይጠቡ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ሰው ከበላው በአሜሪካ የመርዝ መረጃ መስመር 1-800-222-1222 ሌሊትም ቀንም ይሠራል። በእስራኤል የመርዝ መረጃ ማዕከሉ በሃይፋ ራምባም ሆስፒታል ነው። ራሱን የሳተ ወይም የሚንቀጠቀጥ ሰው ካለ ግን በስልክ መጠያየቅ የለም፣ አምቡላንስ ይጠራ።

ቦታና የመጀመሪያው ሐምሌ

በግቢው ውስጥ የሚመረጠው ቦታ የጠዋት ፀሐይ እስከ አራት ወይም አምስት ሰዓት የሚያገኝ፣ ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያርፍበት ነው። የቤቱ ምሥራቃዊ ጎን ወይም ከረዘመ ዛፍ ሥር ይሆናል። ወደ ምዕራብ የሚያይ የጡብ ግድግዳ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት ይተፋል፣ ተክሉ የሚጓጓለትን ትንሽ ቅዝቃዜ ይነጥቀዋል። በፊኒክስና በመሳሰሉት ከ40 እስከ 50 ከመቶ ፀሐይን የሚከለክል የጥላ መረብ የግድ ነው። ኃይለኛ ነፋስም ሰፋፊዎቹን ቅጠሎች ይቀዳድዳል፤ ነጩ ክፍል ስስ ስለሆነ ቀድሞ ይቀደዳል።

መትከያው ነጣ ያለ ቀለም ያለው፣ ቢያንስ 50 ሊትር የሚይዝ፣ ታቹ የተበሳ ይሁን። ጥቁር ፕላስቲክ በፀሐይ ሥሩን ይቀቅለዋል። አፈሩ ብስባሽ፣ የጥድ ቅርፊትና ፐርላይት የተቀላቀለበት፣ ውኃ ይዞ ትርፉን የሚያንጠፈጥፍ መሆን አለበት። ከላዩ አምስት ሳንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ይጎዝጉዙ፤ ግንዱን ግን አያስነኩት።

ውኃ ላይ የሚሠራ አንድ ደንብ አለ። ተክሉ በቀትር ቢጠወልግ ወዲያው አያጠጡት፤ ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል አፈሩ ርጥብ ሆኖም በቀትር ይጠወልጋል። ጣትዎን እስከ አራት ሳንቲ ሜትር አስገብተው ደረቅ ከሆነ ያጠጡ፤ ርጥብ ከሆነ እስኪመሽ ይጠብቁ። ሲመሽ ቀና ካለ ደህና ነው። ጠዋት ተነሥተውም ጠውልጎ ካገኙት ያኔ ነው የሚያሳስበው፤ ወይ አፈሩ ደርቋል ወይ ሥሩ በስብሷል። በሐምሌ በትልቅ መትከያ ያለ ተክል በየቀኑ ውኃ ቢፈልግ አያስገርምም። ማዕድን የበዛበት ውኃ በሚጠቀሙባቸው ከተሞች በየጥቂት ሳምንቱ አፈሩን አጥለቅልቆ ማጠብ የተከማቸውን ጨው ያወጣል።

ይህ ተክል ማዳበሪያ ይወዳል፤ በመጋቢትና በግንቦት መካከል፣ ከዚያም በመስከረምና በጥቅምት፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚሟሟ ማዳበሪያ በግማሽ መጠን አቅጥኖ መስጠት ይበቃዋል። ከ38 ዲግሪ በላይ በሆኑ ሳምንታት ግን ማዳበሪያው ይቆም፤ ማደግ ያቆመን ተክል መቀለብ ጨው ማጠራቀም ነው። ሐምሌ ላይ አበባ ባይሰጥ አይናደዱ፣ መቁረጫም አያንሡ። የመልአክ መለከት የሚያብበው ግንዱ ወጥቶ እንደ ወንጭፍ እንጨት ለሁለት ከተከፈለ በኋላ ነው። ከመንታው በታች የተቆረጠ ግንድ እንደገና ወጥቶ እስኪከፈል ድረስ አበባ የለም።

አረንጓዴ ቀንበጥ ሲወጣ ግን መቁረጫው ወዲያው ይነሣ። አረንጓዴው ቀንበጥ ስኳር በብዛት ስለሚሠራ ከዥጉርጉሩ ይፈጥናል፤ ሁለት ዓመት ከተተወ ተክሉን ይውጠዋል። ከተነሣበት ሥሩ ድረስ ይቁረጡት። ሙሉ ነጭ ቀንበጥም እንዲሁ ይወገዳል፤ ውበቱ ያታልላል፣ ሆኖም ራሱን አይመግብም። የሚቀረው በየቅጠሉ ሁለቱም ቀለም ያለበት ቅርንጫፍ ነው።

ለክረምቱ መጠባበቂያ

ሙቅ የሚባለውም አገር ይበርዳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በቴክሳስ በተከሰተው ቅዝቃዜ ሂውስተን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ደርሳለች፤ ከመሬት በላይ ያለ የመልአክ መለከት በዚያ አይተርፍም። ሥሩ በወፍራም ጉዝጓዝ ከተሸፈነ በመጋቢት እንደገና ያቆጠቁጣል። ለዥጉርጉሩ እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ አዲሱ ቀንበጥ ከግንዱ ግርጌ ካለ እምቡጥ ከወጣ ዥጉርጉርነቱን ይይዛል፣ ከሥሩ ከወጣ ግን የንብርብሩ ሥርዓት ስለሚፈርስ ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ በጥቅምት ውርጭ ሳይመጣ ቁራጭ ይውሰዱ። ሁለቱም ቀለም በቅጠሉ፣ ነጣ ያለው መስመር ደግሞ በግንዱ ላይ ከሚታይበት ቅርንጫፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ያለው ክፍል ይበቃል። ከመንታው በላይ ከተወሰደ በቀጣዩ ዓመት ቶሎ ያብባል። ከላይ ሁለት ትንንሽ ቅጠል ብቻ አስቀርተው በርጥብ ፐርላይት ውስጥ፣ ብርሃን ባለበት ግን ፀሐይ በማያገኘው መስኮት አጠገብ ያቁሙት። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣል። አንዳንዶቹ ዓይነቶች የባለቤትነት መብት የተመዘገበላቸው ስለሆኑ መለያው ላይ ያ ከተጻፈ አባዝቶ መሸጥ አይፈቀድም። ሥር ያወጣው ቁራጭ ውርጩ እስኪያልፍ በቤት ውስጥ ይቆይና በመጋቢት፣ ከምሥራቃዊው ግድግዳ ሥር፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱን ሲያቆም ይወጣል።